ፍልውሃው ዳር የቆመው ልጅ



ሰሞኑን እዚህ ጊንጆ ጉዱሩ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መንገድ ላይ አገኘኝና "ቲቸር፣ ያ የአዋሽ ፓርኩ ፍልውሃ ትዝ ይላል?" አለኝ። እንዴት ይረሳል! ከጅማ ተነስተን፣ በአዲስ አበባና በአዳማ አድርገን፣ መተሐራን አልፈን የሄድነው ጉዞ ነው። ፍልውሃው ከዋናው መንገድ በስተሰሜን፣ በፓርኩ ጫፍ ላይ ነው። ዙሪያው ዘንባባ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ ከሥሩ ጠጠር የሚቆጠርበት። ምንጩ ላይ እግር አያስነካም፤ ወረድ ሲሉ ግን ይዋኝበታል።

ልጆቹ ሲንቦጫረቁ አንድ እረኛ ልጅ ከብቶቹን ይዞ ማዶ ቆሞ ያየናል። አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ እሱ ለምን አይዋኝም?" አለችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። የታሪክ መምህር ሆኜ ማለፍ አልነበረብኝም። ዛሬ ልመልስ።

እሱ ለመዋኘት አልመጣም፤ ከብት ሊያጠጣ ነው የመጣው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በ1961 ደግሞ በሕግ ታወጀ። ከዚያ በፊት አካባቢው የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። በዚያው ዘመን ከአዋሽ ወንዝ ዳር ያለው ለም መሬት ለመተሐራ ሸንኮራ ተሰጠ። ወንዙን ሸንኮራ ያዘው፣ ሜዳውን ፓርክ ያዘው። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የት ይሂድ? አባቱ ሰፈሬ ባለው መሬት ላይ ልጁ "ሕገወጥ ገቢ" ተባለ። ከጠባቂዎች ጋር የሚነሳው ግጭትም ከዚህ የመጣ ነው።

ሳላውን መጠበቅ ስህተት ነበር እያልኩ አይደለም። ሳላው ካለቀ ነገ ለልጆቻችን ምን እናሳያለን? ጥያቄዬ፣ እንስሳው ሲጠበቅ ሰውዬው ለምን ተረሳ የሚል ነው።

የአዲስ አበባን ፍልውሃም አስቡት። ክፍል ውስጥ በ1879 ዓ.ም. ከጣይቱ ብጡል ነው የምንጀምረው። እኔም እንደዛ ነው ያስተማርኳችሁ። ቦታው ግን ከዚያ በፊትም ፊንፊኔ የሚባል ስም ነበረው፤ ስም ካለ ደግሞ ስሙን የሚጠራ ሰው ነበረ ማለት ነው።

እና ልጄ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነበር፤ መልሱ ነው የዘገየው። አዋሽ የምትሄዱ ካላችሁ ዋኙ፣ ተደሰቱ። ግን ማዶ የቆመውን ልጅ ሰላም በሉት፤ የዚያን ውሃ ታሪክ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ከዚያ አካባቢ የሆናችሁ፣ ከአባቶቻችሁ የሰማችሁትን እስቲ ጻፉልን።