የጠላቂው እስትንፋስ

ከፒያሳ ወደ ሐይቃችን በወረድን ቁጥር፣ ሰው ከውኃ በታች እንዴት ሊተነፍስ እንደቻለ ለማወቅ እንመኝ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ከባሕር ሳይሆን ከማዕድን ጉድጓድ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሩኬሮል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ለማዕድን ሠራተኞች አየር በልክ የሚሰጥ መሣሪያ አወጣ፤ በ1864 ከመኮንኑ ከደነይሩዝ ጋር ሆኖ ለጠላቂዎች አዋለው። በ1943 ደግሞ ጋኛንና ኩስቶ ጠላቂው በጀርባው ከሚሸከመው የታመቀ አየር ጋር የሚሠራውን ፈለሰፉ። ጠላቂው አየር ሲስብ ስሱ ጎማ ማንሻውን ይጫናል፤ አየሩም በውኃው ግፊት ልክ ይለቀቃል።

ያንን አሮጌ መሣሪያ ዛሬ የሚያድሱ ሰዎች ናሱን ያጸዳሉ፣ የደረቀውን ጎማ ይለውጣሉ፣ ማንሻውንም ያስተካክላሉ። ማንሻው ዝቅ ቢል አየር ያጥራል፤ ከፍ ቢል በከንቱ ይፈሳል። እንግዲህ ትንሿን ነገር የናቀ ሠራተኛ በሌላው ሰው ነፍስ እንደሚጫወት እናስተውል።