አበበች ጎበና

አበበች ጎበና (1928–2013 ዓ.ም.) ሕይወታቸውን ወላጅ አልባ ለሆኑ ሕፃናትና ለችግረኛ ቤተሰቦች የሰጡ በጎ አድራጊ ነበሩ። ሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ ተወለዱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሲወርዱ አገሩን ረሃብ አግኝቶት ነበር፤ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አንስተው፣ ሌላ ልጅ ጨምረው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹ በዓመት ውስጥ 21 ሲደርሱ ባለቤታቸው ስላልተስማሙ፣ ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው።

የመሠረቱት የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ከማሳደጊያነት አልፎ ትምህርት ቤት፣ የሙያ ሥልጠናና ለሴቶች የገቢ ማስገኛ ሥራ አስፋፋ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ-19 አርፈው፣ አራዳ በሚገኘው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።