ይግባኝ የማያውቅ ገጀራ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ አባ በተባለችው የደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የንግድ ከተማ፣ ዘራፊዎች ገበያተኛውን መውጫ መግቢያ አሳጥተውት ነበር። ፖሊስ ዘንድ የሄደ ጉቦ ካልከፈለ ሰሚ አያገኝም፤ ዛሬ የተያዘው ሌባ ነገ ገበያ ውስጥ ይታያል። በ1998 ማብቂያ ጫማ ሠሪዎችና ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ወጣቶችን አስታጠቁ። “ባካሲ ቦይስ” ተባሉ። ዘረፋው ጋብ ሲል ሕዝቡ አሞገሳቸው፤ በዚያ ስጋት ላልኖረ ሰው ይህን መንቀፍ ቀላል ነው።

ዳኝነታቸው ግን ማስረጃ አይጠይቅም ነበር። ገጀራ በተጠርጣሪው ላይ ያኖራሉ፤ “ቀላ” ካሉ ወንጀለኛ ነው፤ በአደባባይ ቆራርጠው ያቃጥሉታል። የእኛን ሌባሻይ ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ አደንዛዥ የጠጣ ልጅ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር።

በ2000 የአናምብራ ግዛት አገረ ገዥ ቺንዎኬ ምባዲኑጁ ቡድኑን ወደ ግዛታቸው አስገቡት፤ የግዛቱ ምክር ቤትም ሕጋዊ አደረገው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2002 ባወጣው ዘገባ፣ ገጀራው ከዘራፊዎች አልፎ በፖለቲካ ተቃዋሚዎች ላይም መነሣቱን አጋለጠ። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ፖሊስ ማጎሪያዎቻቸውን ወርሮ እስረኞችን አስፈታ።

ነጋዴዎቹ ገጀራውን የገዙት ፍትሕ ስለራባቸው ነው። ገጀራ ግን ይግባኝ አያውቅም፤ የተከሰሰው መዋጮውን የከፈለው ሰው ራሱ ቢሆን እንኳ።