ያለ መድን የሚነዳ መኪናና የተጎጂው ካሣ፤ አጭር ታሪክ

መኪና ሰው በገጨ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ታሪክን ስንመረምር ግን ሕግ አውጪዎችን ይበልጥ ያስጨነቀው ሌላ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። ይኸውም «ጥፋተኛው የሚከፍለው ባይኖረውስ?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ጥያቄ ታሪክ ባጭሩ እንመለከታለን።

አንድ ሰው ያደረሰውን ጉዳት ብዙዎች ተጋግዘው እንዲክሱ ማድረግ ለአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሶማሌ አርብቶ አደሮች ባህል እያንዳንዱ ወንድ የደም ካሣ አብሮት የሚከፍልና አብሮት የሚቀበል የዘመድ ቡድን አለው። ለአንድ ወንድ ነፍስ በልማድ የታወቀው ካሣ 100 ግመል ነው። ይህን ያህል ግመል ገዳዩ ብቻውን ሊከፍል አይችልም፤ በቡድኑ አባላት ላይ ሲደለደል ግን ይከፈላል። ስለዚህ ገዳዩ ድኃ ነው ተብሎ የሟች ቤተሰብ ባዶ እጁን አይቀርም።

በከተማ አውራ ጎዳና ላይ ግን ገጪና ተገጪ አይተዋወቁም፤ የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ፣ ዕዳውን የሚጋራም ጎሣ የለም። በብሪታንያ አንዲት እግረኛ በመኪና ተገጭታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1896 ነበር። በ1930 የአገሪቱ ተሽከርካሪዎች ቁጥር 2.3 ሚሊዮን ያህል ሲደርስ፣ በዚያው ዓመት በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች ከ7,000 በልጠው ነበር። ፍርድ ቤት ካሣ ቢፈርድም ነጂው ገንዘብ ከሌለው ፍርዱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚህ የተነሣ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ከ1927 ጀምሮ፣ ብሪታንያም በ1930 ባወጣችው ሕግ፣ ባለመኪናዎች ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ አስገደዱ። «ሦስተኛ ወገን» ማለት ምን ማለት ነው? አንደኛው ወገን መድን የገባው ባለመኪና፣ ሁለተኛው የመድን ድርጅቱ ሲሆን፣ ሦስተኛው በውሉ ላይ ስሙ የሌለው፣ በመንገድ ላይ የተጎዳው ሰው ነው። እንግዲህ ሕጉ የወጣው ባለመኪናውን ለመጥቀም ሳይሆን ይህን ስሙ ያልተጻፈ ሰው ለመጠበቅ ነው።

ሆኖም ሕጉ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩት። አንደኛ፣ የመድን ድርጅቱ «ደንበኛዬ ውል አፍርሷል» እያለ ተጎጂውን ሊመልሰው ይችል ነበር። ብሪታንያ ይህን በር በ1934 ሕግ አጠበበችው። ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ ሕጉን ጥሶ ያለ መድን የሚነዳ ሰው ከየትም አልጠፋም። ለዚህ መፍትሔ የተገኘው በ1946 ሲሆን፣ የመድን ድርጅቶች በጋራ አንድ ቢሮ አቋቁመው መድን የሌለው መኪና ለሚጎዳው ሰው ካሣ መክፈል ጀመሩ። ገንዘቡ የሚመጣው በደንቡ መሠረት ከሚከፍሉት ባለመኪናዎች አረቦን ነው። ጥንት ጎሣው ይሸከመው የነበረውን ዕዳ የማይተዋወቁ ሰዎች ማኅበር ተሸከመው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መኪና አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለመኪናው፣ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢነዳው፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን ደነገገ፤ ከኃላፊነት የሚድነው መኪናው መሰረቁን ሲያስረዳ ነው። በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ባለመኪናውን ሁሉ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ የሚያስገድድ ዐዋጅ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ሕጎች መካከል 48 ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ተጎጂው መብት ነበረው፤ የመብቱ ፍሬ ግን በባለመኪናው ኪስ ላይ የተመሠረተ ነበር።

የ2000 ዓ.ም. ዐዋጅና እርሱን የተካው የ2005 ዓ.ም. ዐዋጅ (ቁጥር 799) የመድን ፈንድም አቋቁመዋል። መድን የሌለው ወይም ገጭቶ የተሰወረ መኪና ለሚያደርሰው የሞትና የአካል ጉዳት ካሣ የሚከፍለው ይህ ፈንድ ነው። ይሁን እንጂ ያለ መድን የነዳው ሰው ነጻ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ፈንዱ የከፈለውን ከእርሱ መልሶ ይጠይቃል።

መኪና ድንበርም ይሻገራል። በዚህ ምክንያት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች በ1986 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ባደረጉት ስምምነት «ቢጫ ካርድ» የተባለውን የጋራ መድን አቋቋሙ። ካርዱን የያዘ ባለመኪና በሌላው አባል አገር ለሚያደርሰው ጉዳት በዚያው አገር ሕግ መሠረት ሽፋን ያገኛል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ መብትን በወረቀት ማስፈር አንድ ነገር ሲሆን የሚከፍል ማግኘት ሌላ ነገር መሆኑን ነው። መምህራን ይህን በክፍል ሲያነሡ፣ ተማሪዎች በመኪና መስተዋት ላይ የሚለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ምልክት አይተው ትርጉሙን እንዲያስረዱ ቢጠይቋቸው መልካም ነው። ገጭቶ የሚሸሽ መኪና ያየ ተማሪም ሰሌዳ ቁጥሩን ይያዝ፣ ለፖሊስም ያስመዝግብ። ያቺ ቁጥር የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ልትሆን ትችላለች።