ኩገር ወደ ሰሜን፡ ከመቶ ዓመት በኋላ የተመለሰው የተራራ አንበሳ

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በአሜሪካዋ የሚሺጋን ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ ኦንቶናጎን በተባለ አካባቢ፣ ሁለት የኩገር ግልገሎች ፎቶግራፍ ተነሱ። የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ፎቶውን መርምረው ግልገሎቹ የሁለት ወር ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው አረጋገጡ። በሚሺጋን የመጨረሻው የዱር ኩገር የተገደለው በ1906 ነበር። ከ2008 ወዲህ ደግሞ ኩገር በግዛቲቱ መታየቱ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ይሁንና ከመቶ ዓመት በላይ በዚያ ምድር የኩገር ግልገል መኖሩ ተረጋግጦ አያውቅም። የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ለዚህ ፎቶ ልዩ ትኩረት የሰጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ኩገር አለ ማለትና ኩገር ይዋለዳል ማለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ኩገር በሰሜን አሜሪካ የመኖሪያ ክልሉን ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን እያሰፋ መሆኑ ላለፉት ሦስት አሥርተ ዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ለመሆኑ ይህ እንስሳ ምን ዓይነት ነው? እንዴት ጠፋ? እንዴትስ ተመለሰ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ስም ያለው ድመት

ኩገር፣ ፑማ፣ የተራራ አንበሳ፣ ፓንተር፤ እነዚህ ሁሉ የአንድ እንስሳ መጠሪያዎች ናቸው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቻ ከ40 በላይ ስሞች አሉት። ስሙ የበዛው የሚኖርበት ምድር ሰፊ በመሆኑ ነው። ከካናዳ ሰሜን ምዕራብ ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ድረስ ይገኛል። በአሜሪካ አህጉሮች ከሚኖሩ የየብስ የዱር አጥቢ እንስሳት መካከል ይህን ያህል ሰፊ ምድር የሚሸፍን ሌላ የለም።

በመጠን ከድመት ዘሮች ከታይገር፣ ከአንበሳና ከጃጓር ቀጥሎ አራተኛውን ደረጃ ይይዛል። ወንዱ ብዙውን ጊዜ ከ55 እስከ 100 ኪሎ ግራም፣ ሴቷ ደግሞ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። ከምድር ወገብ ርቆ ወደ ቀዝቃዛው አካባቢ በተሄደ ቁጥር ሰውነቱ እየገዘፈ ይሄዳል። ቀለሙ የአንበሳ ቢመስልም ጎፈር የለውም፤ እንደ አንበሳም አያገሣም። እንደ ቤት ድመት ግን ማንኮራፋት ይችላል። ግልገሎቹ ሲወለዱ ነጠብጣብ አላቸው፤ እያደጉ ሲሄዱ ይጠፋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚገርመው ዝምድናው ነው። ስሙ የተራራ አንበሳ ይባል እንጂ ኩገር በዘር የሚቀርበው ለአንበሳ ሳይሆን በአገራችን ለሚገኘው አቦሸማኔ ነው። የዘረመል ጥናት ሁለቱን እንስሳት፣ ጃጓሩንዲ ከተባለው ትንሽ የደቡብ አሜሪካ ድመት ጋር፣ በአንድ የዘር ሐረግ ይመድባቸዋል።

እንዴት ጠፋ?

አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ሲመጡ ኩገር ከአትላንቲክ እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ድረስ ይኖር ነበር። ሰፋሪዎቹ ግን ጫካውን ለእርሻ መነጠሩ፤ ዋነኛ ምግቡ የሆነውን አጋዘንም ያለ ገደብ አድነው ጨረሱ። ከዚህም በላይ ኩገር ለገደለ ሰው ከመንግሥት ካዝና ሽልማት ይከፈል ነበር። በካሊፎርኒያ ብቻ ከ1907 እስከ 1963 ባለው ጊዜ ከ12,000 በላይ ኩገሮች ለሽልማት ተገድለዋል።

በዚህም ምክንያት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ኩገር ከፍሎሪዳ በስተቀር ከምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ጠፋ ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት «የምሥራቁ ኩገር» የሚባለው ዝርያ መጥፋቱን በ2011 አስታወቀ፤ በ2018 ደግሞ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት መዝገብ ሰረዘው። በፍሎሪዳ የተረፉትም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ብቻ ቀርተው እርስ በርስ በመዋለድ ተዳክመው ነበር። በ1995 ስምንት ሴት ኩገሮች ከቴክሳስ መጥተው ከተለቀቁ በኋላ ነው ያገገሙት።

በምዕራቡ ተራሮች ግን ሰው በቀላሉ በማይደርስበት ገደላገደል ውስጥ ጥቂቶች ተርፈው ነበር። ለኋለኛው መስፋፋት መነሻ የሆኑት እነዚህ ናቸው።

የመመለሱ ጅማሬ

ለኩገር መመለስ የመጀመሪያው ምክንያት ተፈጥሯዊ ሳይሆን ሕጋዊ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ባሉት ዓመታት የግድያ ሽልማቱ በየግዛቱ ቀረ። ኩገርም እንደ ተባይ ሳይሆን በፈቃድና በኮታ ብቻ እንደሚታደን እንስሳ መቆጠር ጀመረ። በካሊፎርኒያ በ1990 የተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ ኩገርን ለስፖርት ማደንን ከልክሏል። በዚሁ ዘመን የአጋዘን ቁጥርም በአደን ቁጥጥር ምክንያት እንደገና በዛ።

የደቡብ ዳኮታ ግዛት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ግዛቲቱ የግድያ ሽልማቱን በ1966 አስቀረች፤ በ1978 ለኩገር የሕግ ጥበቃ ሰጠች። በዚህ መካከል ብላክ ሂልስ በተባሉት ጫካማ ተራሮች ውስጥ ኩገር ራሱን እየተካ ቁጥሩ አደገ። በ2005 ግዛቲቱ ቁጥሩን ለመገደብ የአደን ወቅት እስከ መክፈት ደረሰች። ከእነዚህ ተራሮች የወጡ ወጣት ኩገሮች በነብራስካ፣ በሰሜን ዳኮታ፣ በሚኒሶታና ከዚያም ርቆ ታይተዋል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከ1990 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በመካከለኛው የሰሜን አሜሪካ ክፍል 178 የተረጋገጡ የኩገር ማስረጃዎችን መዝግቧል።

ወንዱ ይጓዛል፣ ሴቷ ትሰፍራለች

ከነዚህ ተጓዦች ሁሉ ዝነኛው በጁን 2011 በኮነቲከት ግዛት፣ ከኒው ዮርክ ከተማ ብዙም በማይርቅ አውራ ጎዳና ላይ በመኪና ተገጭቶ የሞተው ወንድ ኩገር ነው። መጀመሪያ ላይ ከሰው ቤት ያመለጠ መስሎ ነበር። የዘረመል ምርመራው ግን ትውልዱ ከብላክ ሂልስ መሆኑን አሳየ። በሚኒሶታና በዊስኮንሲን ከተሰበሰቡ ናሙናዎች ጋር ሲነጻጸርም ያው አንዱ እንስሳ ሆኖ ተገኘ። ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ይጓዛል? ኩገር ብቸኛ እንስሳ ነው። እናት ግልገሎቿን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ታሳድግና ትለያቸዋለች። ወጣቱ ወንድ አባወራ በያዘው ግዛት ውስጥ ቢቆይ ሊገደል ስለሚችል ርቆ ይሄዳል፤ የሚፈልገውም አደንና ሴት ነው። አደኑን በየቦታው ያገኛል፤ ሴት ካላገኘ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ሴቷ በአንጻሩ ብዙውን ጊዜ ከእናቷ ግዛት አጠገብ ትሰፍራለች። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ከተገኙት ሬሳዎች መካከል ጾታቸው ከታወቀው 76 በመቶዎቹ ወንዶች መሆናቸው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የኩገር መስፋፋት ሲነገር ሁለት ካርታዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የወንዶቹ ካርታ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን አንድ ወንድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ብቻውን ቢሞት ዘር አይተካም። የሴቶቹ ካርታ ጠባብና ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ እውነተኛው የመኖሪያ ወሰን ግን እሱ ነው። የሚሺጋኑ ፎቶግራፍ ትርጉምም ይኸው ነው። ቢያንስ አንዲት ሴት እዚያ ደርሳ ወልዳለች።

ወደ ሰሜን ምን ይስበዋል?

በካናዳ አልበርታ ግዛት ከ1991 እስከ 2010 ያለውን ጊዜ የሸፈነና በ2014 የታተመ ጥናት የኩገር ቁጥር እንደጨመረና ክልሉም ከሮኪ ተራሮች ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን እንደሰፋ አሳይቷል። በአልበርታና በሳስካችዋን ድንበር ላይ በሚገኙት የሳይፕረስ ኮረብቶችም፣ ዙሪያቸው ሜዳ ሆኖ ሳለ፣ የሚዋለድ የኩገር መንጋ ተቋቁሟል።

ከዚያ በላይ ባለው ሰሜን ማስረጃው ይሳሳል። በዩኮን ግዛት በ2000 ዋትሰን ሌክ በተባለች ከተማ አቅራቢያ በተጣለ አሮጌ መኪና ውስጥ የሞተ ኩገር ተገኝቷል፤ ሰውነቱ በረሃብ የመነመነ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ አላስካም በ1989 እና በ1998 አንድ አንድ ኩገር ተገድሏል። በዩኮን ኩገርን መግደል በሕግ የተከለከለ ነው።

ወደ ሰሜን የሚስበው ዋነኛ ነገር አጋዘን ነው። አዋቂ ኩገር በአማካይ በሳምንት አንድ አጋዘን ያህል ይገድላል። አጋዘን ቀድሞ የማይደርስበት የሰሜኑ ጥድ ደን በሁለት ምክንያቶች ተከፍቶለታል። አንደኛው ክረምቱ መለዘቡ ነው። ሁለተኛው የሰው ሥራ ነው፤ ለእንጨት፣ ለእርሻ፣ ለነዳጅና ለጋዝ ፍለጋ ደኑ ሲመነጠር በቦታው ለአጋዘን የሚመች ለጋ ቅጠል ይበቅላል። በአልበርታ የተደረገ ጥናት ከሁለቱ የአየር ንብረቱ ድርሻ እንደሚያመዝን ያመለክታል። አጋዘን ሲሄድ ኩገር ይከተላል።

ወሰን የሚያበጁ ነገሮችም አሉ። ኩገር እንደ ሊንክስ በበረዶ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰፊ መዳፍ የለውም። በመንጋ የሚያድነው ተኩላም የገደለውን ሥጋ ይቀማዋል፤ አንዳንዴም ይገድለዋል። ስለዚህ ሰሜን በሄደ ቁጥር ኑሮው ይከብደዋል።

ጥቅምና ጉዳቱ

የኩገር መመለስ ሁሉን የሚያስደስት አይደለም። በግና ፍየል የሚያረቡ ሰዎች ከብታቸውን ያጣሉ። ቁጥሩ ያነሰ የዱር እንስሳም ሊጎዳ ይችላል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያና በአሜሪካ ድንበር ላይ ይኖር የነበረው የደቡብ ሰልከርክ የካሪቡ መንጋ ለዚህ ምሳሌ ነው። መሠረታዊው ችግር የደኑ መመንጠር ነበር፤ አጋዘን ሲገባ ተኩላና ኩገር ተከትለው ገቡ፤ ጥቂቱን ካሪቡም አብረው በሉት። በ2019 የመጨረሻዋ ሴት ካሪቡ ተይዛ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደች።

በሌላ በኩል በአሜሪካ አጋዘን በመኪና መንገድ ላይ በመግባቱ በየዓመቱ ብዙ ሰው ይሞታል፤ ይጎዳል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ኩገር ወደ ምሥራቅ አሜሪካ ቢመለስ በ30 ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለውን አደጋ በ22 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። በዚህም 155 ሰዎችን ከሞት፣ 21,400 ሰዎችን ከጉዳት ያድናል፤ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪም ያስቀራል። ስሌት እንጂ የተፈጸመ ነገር ባይሆንም፣ አውሬ ጉዳት ብቻ ነው የሚለውን አመለካከት ለመመርመር ያስችላል።

ለሰው ምን ያህል አደገኛ ነው?

በዴንቨር፣ በሲያትል፣ በካልጋሪና በኤድመንተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ እነዚህ ከተሞች ኩገር በሚኖርበት ምድር ውስጥ ወይም አጠገብ ያሉ ናቸው። በሚኒያፖሊስም በዲሴምበር 2023 አንድ ወንድ ኩገር በመኖሪያ ሰፈር ካሜራ ከታየ በኋላ በመኪና ተገጭቶ ሞቷል። የመጣው ከነብራስካ ነበር።

በአሜሪካና በካናዳ ከ1890 ወዲህ በኩገር ጥቃት የሞቱ ሰዎች ቁጥር 30 ገደማ ነው። ይሁንና ጥንቃቄ አይከፋም። ባለሙያዎች የሚመክሩት እንዲህ ነው። ኩገር ያጋጠመው ሰው መሮጥ የለበትም፤ መሮጥ አዳኙን ይጋብዛልና። ሕፃናትን ሳይጎነበሱ ማንሳት፣ ፊትን ወደ እንስሳው አድርጎ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ ልብስን ዘርግቶ ገዝፎ መታየት፣ መጮህ ያስፈልጋል። ጥቃት ከደረሰ ደግሞ በእጅ በተገኘው ነገር መታገል እንጂ የሞተ መስሎ መተኛት አይገባም።

ወሳኙ ነገር

የመስፋፋቱ ፍጥነት በእንስሳው ጉልበት ብቻ አይወሰንም። በወሰኑ ላይ ያሉት ሴቶች ጥቂት ስለሆኑ ሦስት ወይም አራት ብትገድሉ አዲሱ ሰፈራ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት አዲስ በገባባቸው ግዛቶች አደኑ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ጥያቄ እያከራከረ ነው። አዳኞችና ከብት አርቢዎች ቁጥሩ ካልተገደበ ጉዳቱ ይበዛል ይላሉ። በዋሽንግተን ግዛት የተደረገና በ2013 የታተመ ጥናት ግን ብዙ ኩገር በተገደለበት አካባቢ በተከታዩ ዓመት የሚቀርበው ስሞታ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ እንዳልተገኘ አመልክቷል። የተሰጠው ማብራሪያ ግዛቱን ጠብቆ የሚኖረው አዋቂ ወንድ ሲገደል በቦታው ልምድ የሌላቸው ወጣቶች ይገባሉ የሚል ነው።

ኩገርን ከምሥራቁ ምድር ያጠፋው ሽልማት የሚከፍል ሕግ ነበር። ሕጉ ሲነሳ እንስሳው ማንም ሳያጓጉዘው በራሱ እግር መመለስ ጀመረ። ወደፊት የት ድረስ ይደርሳል ለሚለው ጥያቄ የወንዶቹ የሺህ ኪሎ ሜትር ጉዞ መልስ አይሆንም። መልሱ ያለው ሴቶቹ ወልደው ግልገሎቻቸውን እስኪያሳድጉ ድረስ ሰዎች በሚሰጧቸው ጊዜ ላይ ነው።