ምህላና መሐላ

ሰው ስለ ራሱ ሲለምን ስለት ይሳላል፤ ሕዝብ ስለ ሀገሩ ሲለምን ግን ምህላ ይይዛል። ስለት የአንድ ሰው ነው። ልጁ ከታመመበት አልጋ ሲነሣለት፣ መንገዱ ሲቀናለት፣ ጃንጥላውን ወይም ጧፉን ይዞ ይመጣል፤ ሒሳቡም በዚያው ይዘጋል። ምህላ የሁሉ ነው። ድርቅ ሲጸና፣ ወረርሽኝ ሲገባ፣ ጠላት ድንበር ሲያልፍ ካህናቱ መስቀልና ጽና ይዘው፣ ሕዝቡ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ሕፃን ከሽማግሌ ሳይለይ 41 እግዚኦታ እያደረሰ ይቆማል። በዚያ ሰዓት ማንም ስለ ራሱ ብቻ አይለምንም፤ ማንም ለብቻው አይማርምና።

ምህላና መሐላ በጆሮ የሚቀራረቡ ቃላት ናቸው። ምህላ ልመና ነው፤ መሐላ ራስን በቃል ማሰር ነው። የአራዳን ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር ሁለቱን በትርጉምም ተገናኝተው አገኛቸዋለሁ። በዚህ ሠፈር ሕዝብ እንዲታደስ የተጸለየው ጸሎት ሥር የሰደደው፣ ጸላዩ ከለመነው ነገር ጋር ራሱን ያሰረ እንደሆነ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

የምህላ አብነቷ ነነዌ ናት። ቤተ ክርስቲያናችን ዐቢይ ጾም ከመግባቱ አስቀድማ በየዓመቱ ሦስት ቀን ትጾምላታለች። የዮናስ ስብከት በከተማዋ በተሰማ ጊዜ ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፤ ማቅ ለብሶ በአመድ ላይ ተቀመጠ፤ እንስሳት እንኳ ከምግብና ከውኃ ታቀቡ። ታሪኩን ልብ ብሎ ያነበበ ግን አንድ ነገር ያስተውላል። የነነዌ ሰዎች ጠላታቸው እንዲመታላቸው አልለመኑም። ዐዋጁ እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ነበር። ነነዌን ያዳናት የጩኸቷ ብርታት ሳይሆን ከግፍ የታጠበው እጇ ነው። ይህችን ነገር በልባችን ይዘን ወደ አራዳ እንውጣ።

ፒያሳ የሚለውን ስም ጣልያን ትቶልን ሄደ፤ አራዳ የሚለው ግን ከገበያው ጋር ያደገ የራሳችን ስም ነው። ዛሬም ሠፈሩን በሁለቱም እንጠራዋለን። ድልና ወረራ በአንድ ኮረብታ ላይ እንደ ጎረቤት ተቀምጠዋል። ከኮረብታው አናት ላይ ያለው የአራዳ ጊዮርጊስ ደግሞ የሁለቱም ምስክር ነው።

ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ሲያስነግሩ ሕዝባቸውን የጠሩት በሁለት ወገን ነበር። ጉልበት ያለው በጉልበቱ እንዲረዳቸው፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ በሐዘኑ እንዲረዳቸው ለመኑ። ሐዘን ያሉት፣ እኔ እንደምረዳው፣ በቤት የሚቀረውን የአረጋውያኑን፣ የእናቶቹንና የድውያኑን ዕንባና ጸሎት ነው። ጸሎት እንደ ስንቅ፣ እንደ በቅሎ፣ እንደ ጦር ከሕዝብ የሚዋጣ መዋጮ ሆኖ ተቆጠረ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ወደ ዓድዋ ዘመተ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ በወር በወሩ የሚታሰበው የጊዮርጊስ ዕለትም ነበር። በዚያ ቀን ንጉሡም፣ እቴጌይቱም፣ ካህኑም በጦር ሜዳው ተገኝተዋል። እግዚኦታ የሚያደርሰውና ጋሻ የሚያነሣው አንድ ሕዝብ ነበር። ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ሕንፃ ከድሉ በኋላ በአራዳ ቆመ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በዚያው ነው።

የዚህ ጸሎት ማሚቶ ከእኛ ድንበር አልፎ ተሰምቷል። መዝሙረ ዳዊት ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ አምላኳ እንደምትዘረጋ የተናገረውን ቃል፣ በባርነትና በቅኝ ግዛት ቀንበር ሥር የነበሩ ጥቁር ክርስቲያኖች ስለ ራሳቸው መታደስ እንደተነገረ ትንቢት አድርገው ይዘውት ነበር። በደቡብ አፍሪካ ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ካህን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892፣ ማለትም ከዓድዋ ድል አራት ዓመት ቀደም ብለው፣ ከነጮቹ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው በፕሪቶርያ ከተማ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» የምትባል ማኅበር መሠረቱ። ሀገራችንን አላዩም፤ ስሟን ግን የጸሎታቸው ስም አደረጉት። ፕሪቶርያ የምትለውን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የሚገርመው ግን፣ ለሌሎች የነጻነት ስም የሆነችው ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ የራሷ ጳጳስ አልነበራትም። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወዲህ ለ1600 ዓመታት ያህል ጳጳስ የሚመጣላት ከግብፅ ነበር። ሕዝቡ ስለ ሀገሩ ምህላ ሲይዝ፣ በላዩ የተሾመው አባት የሀገሩን ቋንቋ እንኳ ተምሮ የሚናገር እንግዳ ነው። ከብዙ ልመናና ድርድር በኋላ በ1921 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ በግብፅ ተቀቡ። አራቱም የዚህችው ምድር ልጆች ናቸው። ሕዝቡ በገዛ ልሳኑ የሚጸልይለትን አባት አገኘ። ይሁን እንጂ የገዛ ልጅ ሹመት ዕዳም አለበት። እንግዳው መከራ ሲመጣ ወደ ሀገሩ ይመለሳል፤ ልጅ ግን የሚመለስበት ሌላ ሀገር የለውም።

ዕዳው የተጠየቀው ስምንት ዓመት ሳይሞላ ነው። ፋሽስት ኢጣልያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያዘ። የሰላሌው ልጅ አቡነ ጴጥሮስ በደብረ ሊባኖስ ነበሩ። ደጃዝማች አበራ ካሣና ሌሎቹ አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ ሲመክሩ አብረው መከሩ፤ ጦሩ በዚያ ኃይለኛ ክረምት ሐምሌ 21 ቀን ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥም ከመንገዱ አልቀሩም። ጥቃቱ አልተሳካም። ጳጳሱ በጠላት እጅ ወደቁ፤ በችኮላ ለፍርድ ቀረቡ፤ በማግስቱ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዛሬ ሐውልታቸው ከቆመበት አካባቢ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደበደቡ። ቺሮ ፖጃሊ የተባለው የኮሪየሬ ዴላ ሴራ ጋዜጠኛ በሥፍራው ነበርና ያየውን በማስታወሻው አስፍሮታል።

በፍርዱ ሸንጎ ላይ፣ የበላያቸው ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ ለኢጣልያ ሲያድሩ እርሳቸው ስለ ምን እንደሚያምፁ ተጠይቀው ነበር ይባላል። የመለሱትም ትውልድ ሲቀባበለው ኖሯል። ሊቀ ጳጳሱ ግብፃዊ እንደሆኑ፣ እርሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ እንደሆኑና ስለ ሀገራቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው እንደሚጠየቁ ተናገሩ። ከዚያም ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም ጭምር እንዳትገዛለት አወገዙ። ጠመንጃ አልያዙም፤ የያዙት ግዝት ነበር። ግዝት ደግሞ የጸሎትና የመሐላ መካከለኛ ነው፤ ወደ እግዚአብሔር የሚናገር፣ ሰውን ግን የሚያስር ቃል። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው በ«የደም ድምፅ»፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ«ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ያችን ሰዓት ወደ መድረክ ያወጧት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማነበው የብድር ማመልከቻ ነው። ማመልከቻ እንደ ምንም አሳምሮ መጻፍ ይቻላል፤ እኛ ግን ገጹን ገልብጠን አንዲት ነገር እንፈልጋለን፤ ዋሱ ማነው? መያዣው ምንድን ነው? ዋስ የሌለው ማመልከቻ ያማረ ጽሕፈት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእግዚአብሔር ቸርነት እንደ ባንክ መያዣ አይጠይቅም፤ ይህን አውቃለሁ። ስለ ሕዝብ የሚጸለይ ጸሎት ግን በሕዝቡ ዘንድ ተአምኖ እንዲኖረው ዋስ ይሻል። አቡነ ጴጥሮስ ዋስ ሆነው ፈረሙ፤ መያዣውም ራሳቸው ነበሩ። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በጥይት ተገድለው በዚያው ውል ላይ ፈርመዋል። ከአራቱ አንዱ የነበሩት አቡነ አብርሃም ደግሞ የወራሪውን ሹመት ተቀበሉ። አራቱም አንድ ቅብዐት ተቀብተዋል፤ አንድ ጸሎት ደግመዋል። የለያቸው መሐላው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እለፈው፤ ዕንባ ያዘለ ነውና። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማዋ ታረደች፤ በኢትዮጵያ መንግሥት ቁጥር ያለቀው ሕዝብ 30,000 ነው። በዚያው ጭፍጨፋ የአራዳ ጊዮርጊስ በእሳት ተለኰሰ። በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ምህላ የሚይዘው አፍ ተዘጋ ያልን ጊዜ ግን ግዝቱ በየጫካው ይሠራ ነበር። ጠላት በገባበት ዕለት፣ በሚያዝያ 27፣ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ ተመለሱ። ጊዮርጊስ ታደሰ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ለዘመናት የተለመነው ልመና የተፈጸመው ዋሶቹ ዕዳውን በደማቸው ከከፈሉ በኋላ ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡር መንገድ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያው የነበሩ ብዙ የፒያሳ ነባር ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፋ፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው ዓመት በሠፈሩ ተከፈተ። ከተማይቱ ታደሰች እንላለን። መንገድ በግሬደር ይታደሳል፤ ሕዝብ ግን በምን ይታደሳል? ዳዊት አምላኩን የለመነው ንጹሕ ልብ ተፈጥሮለት መንፈሱ እንዲታደስ እንጂ ቤተ መንግሥቱ እንዲታደስ አልነበረም።

ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በዓድዋም ሆነ በ1928 ዓ.ም. ጠላት ከውጭ የመጣ ነበር። ምህላ የያዘው ሕዝብ ወደ አንድ አቅጣጫ ያይ ነበር። ተጋዳዮቹ ሁለቱም ወደ አንድ አምላክ የሚጸልዩ ወንድማማቾች ሲሆኑስ? ከአራዳ ቁልቁል በሚገኘው በአፍሪካ አዳራሽ በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስም የናይጄሪያን መንግሥትና የቢያፍራን ወገን ለማስታረቅ አቀራረቧቸው፤ የቢያፍራው መሪ ኦጁኩም በአካል መጥተው ለረጅም ሰዓት ተናገሩ። የኢግቦ ሕዝብ በአብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ የናይጄሪያው መሪ ጎዎንም ክርስቲያን ነበሩ። በየፊናቸው ይጸለይ ነበር። ዕርቁ ሳይያዝ ቀረ፤ ጦርነቱም እስከ ጥር 1962 ዓ.ም. ቀጥሎ እጅግ ብዙ ሕፃናት በረሀብ አለቁ።

ያን ጊዜ አስታራቂ የነበርን እኛ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት በዚያው እሳት ውስጥ አለፍን። በዚህም በዚያም ወገን ያሉ እናቶች በአንድ ግእዝ፣ ወደ አንድ አምላክ፣ አንዱን እግዚኦታ አደረሱ። የሰላሙ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው በፕሪቶርያ ነው፤ ሞኮኔ ስማችንን የጸሎታቸው ስም ባደረጉባት በዚያችው ከተማ። ተስፋቸውን በስማችን ላይ የጣሉት ሰዎች ከተማ፣ ወንድማማቾች መገዳደላቸውን እንዲያቆሙ የሚፈርሙባት ሆነች። ደስታና ኀፍረት በአንድ ወረቀት ላይ ሲሠፍሩ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ነነዌ እንመለስ። ጠላት ከውጭ በመጣ ጊዜ የምህላው መሐላ ለመሞት ነበር፤ አቡነ ጴጥሮስ አሟልተው ማሉት። ክፉው ከመካከላችን በበቀለ ጊዜ ግን መሐላው ላለመግደል ነው፤ ላለማስገደልም ነው፤ በምላስም ቢሆን። ይህኛው ከፊተኛው ይቀላል የሚል ካለ ያለፉትን ዓመታት አላየም። ስለዚህ ምህላ ይያዝ፤ እኔም እቆማለሁ። ነገር ግን እጃችንን ወደ ላይ ከመዘርጋታችን በፊት መዳፋችንን ገልበጥ አድርገን እንየው።

ለምኜ ስመለስ ከደጀ ሰላሙ፣
እጄን ልየው እስኪ፣ አለበት ወይ ደሙ?
አቤቱ ማር ስለው ወንድሜን ሳልምረው፣
ምህላዬ ምንድን ነው? ከንፈር ነው የጾመው።
አባቴ ሲምልልኝ በደሙ ፈርሞ፣
እኔም ልማልለት እጄ ከደም ጾሞ።