ከጭልሞ ደን እስከ ምርጫ ጣቢያ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ሕጎች ለምን ይመለከቱናል?

በምዕራብ ሸዋ ዞን በደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የጭልሞ ደን የጥድ፣ የዝግባና የወይራ መገኛ ነው። የአዋሽ ወንዝ መነሻ የሆኑ ምንጮችም በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር በመሆን በጭልሞ አሳታፊ የደን አስተዳደርን አስጀመረ። በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ አርሶ አደሮች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን እየጠበቁ ከማርና ከሌሎች የደን ውጤቶች መጠቀም ጀመሩ።

እንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ለምን ዓላማ እንደሚውል የሚወስነው ደግሞ ሕግ ነው።

የ2001ዱ አዋጅ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለሕጋዊ ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ግን ይህን መብት ከገንዘብ ምንጭ ጋር አቆራኘው። በአዋጁ መሠረት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታትና በፍትሕ ጉዳዮች መሥራት የሚችሉት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ10 በመቶ የማይበልጥ የኢትዮጵያ ድርጅቶች ብቻ ነበሩ። የአስተዳደር ወጪም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

የመንግሥት መከራከሪያ የፖለቲካ ጉዳይ የዜጎች ብቻ ነው፣ የውጭ ገንዘብ ሊመራው አይገባም የሚል ነበር። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ መዋጮ ብቻ መቆም የቻሉ የመብት ድርጅቶች ጥቂት ነበሩ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሂሳብ በ2002 ዓ.ም. ታገደ። ኢሰመጉ ከ12 ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ዘጋ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በጥቅምት 2005 ዓ.ም. እገዳውን አጸና። ብዙ ድርጅቶች ከመብት ሥራ ወጥተው ወደ ልማት ፊታቸውን አዞሩ።

በገጠር ኑሮ ግን ልማትና መብት እንዲህ በቀላሉ አይነጣጠሉም። የውጭ ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ለአርሶ አደሩ ችግኝ ማደል ወይም ዘመናዊ ቀፎ መስጠት ይፈቀድለት ነበር፤ የመሬት ባለይዞታው መብቱን አውቆ እንዲከራከር ማስተማር ግን በሕጉ ከተከለለው መስክ ያስገባዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተቃውሞ ሲቀሰቀስ ከምክንያቶቹ አንዱ የደንና የኳስ ሜዳ መሬት ለኢንቨስትመንት ሊሰጥ ነው የሚለው ቅሬታ ነበር። ተቃውሞውን ያመጣው ይህ አዋጅ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ቅሬታን ሰምቶ በሕግ መንገድ የሚያቀርብ ድርጅት ሲዳከም፣ ለነዋሪው የሚቀረው አደባባይ መውጣት ነው።

የ2011ዱ አዋጅ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የ10 በመቶውን ገደብ አንሥቷል። ድርጅቶች ሕጋዊ ከሆነ ከማንኛውም ምንጭ ገንዘብ ማግኘት፣ በንግድ ሥራ ተሰማርተው ትርፉን ለዓላማቸው ማዋልም ይችላሉ። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 20 በመቶ ሆኗል። የውጭ ድርጅቶችና በውጭ ዜጎች የተቋቋሙ አገር በቀል ድርጅቶች ግን መራጮችን ማስተማርና ምርጫ መታዘብ አይችሉም። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ምርጫ የአገር ውስጥ ድርጅቶች በመራጮች ትምህርትና በታዛቢነት ተሳትፈዋል።

ነጻነቱ ግን ከስጋት አልተላቀቀም። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶችን አግዶ ነበር፤ እገዳው ከወራት በኋላ ተነሥቷል። በዚያው ዓመት በጥር ወር አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቋርጥ ብዙ ፕሮጀክቶች ቆመዋል። ሕግ ቢፈቅድም በአንድ የውጭ ለጋሽ ላይ ብቻ የቆመ ድርጅት ለጋሹ ሲወጣ ይወድቃል።

ነዋሪው ምን ሊያውቅ ይገባል?

ዕድርና ዕቁብ በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም። እንደ ጭልሞ ያሉ የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራትም የሚመሩት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ነው። በአዋጅ 1113 የተመዘገበ ድርጅት ወደ ቀበሌ ሲመጣ ግን ነዋሪው የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን፣ ዓላማውን፣ በጀቱንና የገንዘቡን ምንጭ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ድርጅቱ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት በየዓመቱ ለባለሥልጣኑ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ባለሥልጣኑ በሚሰጠው ውሳኔ ቅር የተሰኘ ድርጅት ደግሞ ለቦርዱ፣ ከዚያም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል።

ለዘለቄታው ግን የድርጅቶች ዋስትና ከአባላት የሚሰበሰብ መዋጮ ነው። በዕድር ለሐዘን፣ በዕቁብ ለኑሮ ገንዘብ ማዋጣትን የሚያውቅ ሕዝብ ለመብቱ የሚቆም ድርጅትንም በዚያው ልማድ ሊደግፍ ይችላል። በነዋሪው መዋጮ የቆመ ድርጅት ለጋሽ ቢወጣም አይዘጋም፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ሲጠየቅም መልስ አያጣም።